በዩኒክስ ተርሚናል ከአንድ አካውንት ወደ ሌላ አካውንት በጥንቃቄ የመሻገር መመሪያ

ሊኑክስ መጠቀም የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይጠይቀኛል፦ «ከራሴ አካውንት ሳልወጣ ወደ ሌላ አካውንት፣ በተለይ ወደ ሩት (ሁሉን ማድረግ ወደሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት)፣ እንዴት ልግባ? የሚጠይቀኝ ፓስወርድስ የማን ነው? ሱ ይሻላል ወይስ ሱዶ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን በተራ አስቀምጬዋለሁ። መሻገሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው የቀድሞውን አካውንት ቅንብር ይዞ መግባት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን መውሰድና ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይወጡ መቅረት ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በራሳችን ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምታስገቧቸው። ሊያሻማ የሚችለውን ቃል መጀመሪያ ሲነሳ ፊደል በፊደል እጠራዋለሁ። ዩኒክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፤ ትልቅ ፊደል ነው ካላልኩ በቀር ሁሉም ትንሽ ነው። ሰረዝና ክፍት ቦታም የትዕዛዙ አካል ስለሆኑ እንዳሉ ይጻፉ። በምሳሌዎቹ ውስጥ «ሀና» የምትል ስም ስታዩ በእሷ ቦታ የምትፈልጉትን አካውንት ስም አስገቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ፣ ማክ ወይም ቢኤስዲ ያለው ኮምፒውተር፣ ወይም በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት) የምትገቡበት ሰርቨር።
- የራሳችሁ የግል አካውንት። ብዙ ሰው በጋራ የሚገባበት አካውንት አይሆንም፤ ማን ወደ ሩት እንደተሻገረ ሎጉ (የሲስተሙ መዝገብ) የሚያውቀው በመነሻው አካውንት ስም ነውና።
- የመሻገር ፈቃድ። ይህ ማለት ወይ የምትሻገሩበትን አካውንት ፓስወርድ ማወቅ፣ ወይ ሱዶ እንድትጠቀሙ የሚፈቅድ ግሩፕ ውስጥ መሆን ነው። ግሩፑ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ሱዶ» ይባላል፤ በፌዶራ፣ በሬድ ሃትና በቢኤስዲ «ዊል» ነው።
- የታደሰ ሲስተም። በ2025 ሱዶ ውስጥ ተራ ተጠቃሚን ሩት የሚያደርግ ቀዳዳ ተገኝቶ በ1.9.17ፒ1 ተደፍኗል። አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች መጠገኛውን በቀድሞው ቁጥር ላይ ስለሚጨምሩት ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ከሁሉ በፊት ሲስተሙን አፕዴት አድርጉ።
- ለማን ምን እንደተፈቀደ የሚወስነውን የሱዶ ደንብ የምታስተካክሉ ከሆነ (ደረጃ 9) ሁለተኛ የተርሚናል መስኮት።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሆናችሁና የት እንዳላችሁ እዩ

ሁአምአይ
አይዲ
ፒደብሊውዲ

የመጀመሪያው (ደብሊው-ኤች-ኦ-ኤ-ኤም-አይ) የአሁኑን አካውንት ስም ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቁጥሩንና ያላችሁበትን ግሩፕ ሁሉ ይዘረዝራል፤ ቁጥሩ 0 ከሆነ ሩት ናችሁ። ሦስተኛው የቆማችሁበትን ፎልደር ያሳያል። የተርሚናሉ ምልክትም ይጠቁማል፦ በአብዛኛው የዶላር ምልክት ተራ ተጠቃሚን፣ የሃሽ ምልክት (#) ሩትን ያመለክታል። ነገር ግን ምልክቱን ማንም ሊቀይረው ስለሚችል አይዲን ነው የማምነው።

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ዘልሎም ቀድሞውኑ ሩት ሆኖ ሳለ እንደ ተራ ተጠቃሚ እየሠራሁ ነው ብሎ ፋይል ያጠፋል።

ደረጃ 2፦ ሱ ወይስ ሱዶ? ቀድማችሁ ወስኑ

ሱ (ኤስ-ዩ) የሚጠይቀው የምትሻገሩበትን አካውንት ፓስወርድ ነው። ወደ ሩት ስትሉ የሩትን፣ ወደ ሀና ስትሉ የሀናን። ሱዶ (ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ) ግን የሚጠይቀው የራሳችሁን ነው፤ ከዚያም ይህ ሰው ይህን እንዲሠራ ተፈቅዶለታል ወይ ብሎ ደንቡን ያያል።

ምርጫ ካላችሁ ሱዶን ያዙ። የሩት ፓስወርድ በአምስት ሰው እጅ ካለ አንዱ ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱን ቀይሮ ለአራቱ እንደገና ማደል ግድ ነው። በሱዶ ግን ያንን ሰው ከግሩፑ ማውጣት ይበቃል። በዚያ ላይ ሱዶ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከነባለቤቱ ሎግ ላይ ያሰፍራል፤ ሱ የሚመዘግበው መግባታችሁን ብቻ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ጀምሮ የሩት ፓስወርድ የተቆለፈ ነው፤ ማክ ላይም የሩት አካውንት እንዳይሠራ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሁለቱ ላይ ሱ ብላችሁ ወደ ሩት ለመግባት ብትሞክሩ ትክክል ሊሆን የሚችል ፓስወርድ ጨርሶ የለም። መፍትሔው ለሩት ፓስወርድ ማውጣት ሳይሆን ሱዶን መጠቀም ነው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ደግሞ የሱዶን ቦታ የያዘው ዱአስ (ዲ-ኦ-ኤ-ኤስ) ነው፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ደረጃ 3፦ በሱ ስትሻገሩ ሰረዟን አትርሱ

ሱ - ሀና

ከሱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ክፍት ቦታ፣ ስም። ስም ካልጻፋችሁ ሩት ማለት ነው።

በዚህች ሰረዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሷን ያዙ። እያንዳንዱ የተርሚናል ክፍለ ጊዜ የራሱ ተለዋዋጮች አሉት፦ ትዕዛዝ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር (ፓዝ)፣ የቤት ፎልደር፣ የቋንቋ ምርጫና ሌላም። ያለ ሰረዝ «ሱ» ብቻ ካላችሁ አካውንቱ ይቀየራል፤ ፓዙና አብዛኞቹ ተለዋዋጮች ግን የቀድሞው አካውንት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ የቆማችሁበት ፎልደርም አይቀየርም። ሰረዟ ስትኖር ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ይጸዳል፣ የአዲሱ አካውንት የመግቢያ ቅንብር ይነበባል፣ እናንተም ቤት ፎልደሩ ውስጥ ትገኛላችሁ።

ይህ ለምን የደኅንነት ጉዳይ ሆነ? የተራ ተጠቃሚው ፓዝ ውስጥ ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር አለ እንበል፤ ወይም አንዳንዶች ለምቾት ብለው እንደሚያደርጉት የነጥብ ምልክት፣ ማለትም «አሁን ያለሁበት ፎልደር»፣ በፓዙ መጀመሪያ ላይ ገብቷል። አንድ ሰው እዚያ ፎልደር ውስጥ ኤልኤስ የሚባል የራሱን ስክሪፕት ያስቀምጣል። እናንተ ያለ ሰረዝ ሩት ሆናችሁ «ኤልኤስ» ትላላችሁ። የሚሠራው እውነተኛው ኤልኤስ ሳይሆን የሰውየው ስክሪፕት ነው፤ የሚሠራውም በሩት ሥልጣን ነው። ስክሪፕቱ የእናንተን መግባት ብቻ ሲጠብቅ ነበር።

ሰረዟን መርሳት በየዕለቱ የሚያመጣው ችግርም አለ። ዴቢያን 10 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ያለ ሰረዝ ሩት ሆናችሁ «ዩዘርሞድ» ብትሉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። ፕሮግራሙ አለ። ያለው ግን /ዩኤስአር/ኤስቢን ውስጥ ነው፤ ይዛችሁት የገባችሁት የተራ ተጠቃሚ ፓዝ ደግሞ ያንን ፎልደር አያውቀውም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ሊጭን ይሞክራል።

ፓስወርድ ስትጽፉ በአብዛኛው ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ነጥብም ኮከብም የለም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ርዝመቱ እንኳ እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ።

ደረጃ 4፦ አንድ ሥራ ብቻ ካላችሁ ጨርሶ አትሻገሩ

ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ የሚፈለገው ሩት መሆን ሳይሆን አንድ ትዕዛዝ በሩት ሥልጣን ማሠራት ነው። እንግዲያው፣ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር እንደገና ለማስነሳት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤንጂንኤክስ

ትዕዛዙ ይሠራል፣ ሥልጣኑም ከትዕዛዙ ጋር ያበቃል። ቀጣዩን መስመር ስትጽፉ ተመልሳችሁ ራሳችሁ ናችሁ። የተሳሳተ ትዕዛዝ ብትጽፉ ጉዳቱ በራሳችሁ አካውንት ልክ ይወሰናል። የሩት ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከፍቶ ቀኑን ሙሉ እዚያው መዋል ይህን ጥበቃ ያሳጣል።

ለሌላ ተጠቃሚ ከሆነ -ዩ ይጨመራል፦

ሱዶ -ዩ ሀና አይዲ

እዚህ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ወደ ሩት ፋይል ለመጻፍ «ሱዶ ኤኮ» ብለው የሚበልጣል ምልክቱን (>) ይጠቀሙና «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይመጣል። ምክንያቱም ያንን ምልክት የሚያስተናግደው ሱዶ ሳይሆን የእናንተው ሼል ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው ሱዶ ከመጀመሩ በፊት፣ በእናንተው ሥልጣን ነው። መፍትሔው ጽሑፉን በቋሚ መስመር (|) ወደ ቲ (ቲ-ኢ-ኢ) ማሳለፍ ነው፦

ኤኮ ጽሑፉ | ሱዶ ቲ -ኤ /ኢቲሲ/ፋይሉ

-ኤ ከፋይሉ መጨረሻ ላይ ይጨምራል። እሷን ከተዋችኋት የነበረው ሁሉ ጠፍቶ አዲሱ ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት መኖሯን እዩ።

ሁለተኛው «ሱዶ ሲዲ» ነው። ሲዲ የሼሉ የራሱ ትዕዛዝ እንጂ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም፤ በሱዶ አሠራችሁት እንኳ ቢባል የእናንተን ቦታ አይቀይርም። የተዘጋ ፎልደር ማየት ከፈለጋችሁ «ሱዶ ኤልኤስ» ብላችሁ የፎልደሩን ስም አስከትሉ።

የሲስተም ፋይል ለማስተካከል ደግሞ ኤዲተሩን በሱዶ አትክፈቱ። ይልቁንስ ሱዶኢዲት የሚባለውን (ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው) ተጠቀሙ፦

ሱዶኢዲት /ኢቲሲ/ሆስትስ

ይህ ትዕዛዝ የፋይሉን ጊዜያዊ ቅጂ አውጥቶ ኤዲተሩን በእናንተው አካውንት ይከፍታል፤ ስትጨርሱ ቅጂውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ቪም የመሰሉ ኤዲተሮች ውስጥ ሆኖ ሌላ ትዕዛዝ ማሠራት ይቻላል። ኤዲተሩ ሩት ከሆነ ከውስጡ የሚወጣው ትዕዛዝም፣ የተጫነበት ተጨማሪ ፕለጊንም ሁሉ ሩት ነው።

ደረጃ 5፦ ረዘም ላለ ሥራ ሙሉ ሼል

ብዙ ተከታታይ ሥራ ሲኖርና ሩት ብቻ የሚያያቸው ፎልደሮች ውስጥ መዘዋወር ሲያስፈልግ፦

ሱዶ -አይ

ይህ ከ«ሱ -» ጋር አንድ ዓይነት ንጹሕ መግቢያ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የራሳችሁን ፓስወርድ ነው። ወደ ሌላ አካውንት ሲሆን «ሱዶ -አይ -ዩ ሀና»። በልማድ «ሱዶ ሱ -» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሠራል፣ ሆኖም ሱዶ ብቻውን የሚችለውን በሁለት ፕሮግራም ማሠራት ነውና ትርፍ የለውም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ ሙሉ ሼል ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የምትጽፉትን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ሱዶ አይመዘግብም። ሎጉ ላይ የሚቀረው ሼል መክፈታችሁ ብቻ ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው ደረጃ 4ን የማስቀድመው።

የሩት ሼል ተረስቶ ክፍት እንዳይቀር በሩት የባሽ (ባሽ የሼል ዓይነት ነው) ቅንብር ፋይል ውስጥ ቲኤምአውት (ቲ-ኤም-ኦ-ዩ-ቲ፣ ሁሉም ትልቅ ፊደል) የሚለውን ተለዋዋጭ 300 ላይ አድርጉት። ያን ጊዜ 5 ደቂቃ ምንም ካልተጻፈ ሼሉ ራሱን ይዘጋል።

ደረጃ 6፦ ሰው ወደማይገባባቸው አካውንቶች

የዌብ ሰርቨር፣ የዳታቤዝና የመሳሰሉት አካውንቶች ሰው እንዲገባባቸው አልተሠሩም። ብዙዎቹ ሼላቸው «ኖሎጊን» ስለሆነ «ሱ -» ስትሏቸው አካውንቱ ለጊዜው አይገኝም የሚል መልእክት ሰጥተው ይመልሷችኋል። ይህ ጥበቃ ነውና ሼላቸውን ወደ ባሽ አትቀይሩት። በእነሱ ስም አንድ ትዕዛዝ ለማሠራት «ሱዶ -ዩ» ይበቃል፤ ሱዶ ትዕዛዙን በቀጥታ ስለሚያስነሳ የአካውንቱ ሼል አያግደውም።

በፖስትግሬስ (በዳታቤዝ ፕሮግራሙ) ብዙ የሚታይ ነገር ልንገራችሁ። ከራሳችሁ ቤት ፎልደር ሆናችሁ «ሱዶ -ዩ ፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል» ስትሉ ወደ ፎልደራችሁ መግባት አልቻልኩም የሚል መስመር ይወጣና ፕሮግራሙ ግን ይከፈታል። ፖስትግሬስ የተባለው አካውንት የእናንተን ቤት ማየት ስላልተፈቀደለት ብቻ ነው። የቤታችሁን ፈቃድ አትክፈቱ፤ አስቀድማችሁ «ሲዲ /ቲኤምፒ» ብሎ መነሳት ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ከሩት ወደ ታች ስትወርዱ

ሩት የማንንም ፓስወርድ ሳይጠየቅ ወደ ማንም ይሻገራል። ስለዚህ ብዙ አስተዳዳሪ ሩት ሆኖ «ሱ - ሀና» ማለት ምንም አደጋ የሌለው ይመስለዋል፤ ከላይ ወደ ታች ነዋ። አደጋ ግን አለው። ሁለቱ ሼሎች አንድ ተርሚናል ነው የሚጋሩት። በዩኒክስ ተርሚናሎች ላይ አንድ ፕሮግራም ፊደላትን ሰው በኪቦርድ የጻፋቸው አስመስሎ ወደ ተርሚናሉ ማስገባት የሚችልበት የቆየ መንገድ አለ። በሀና አካውንት ውስጥ ክፉ ፕሮግራም ካለ ትዕዛዝ አስገብቶ ይጠብቃል። ወደ ሩት ስትመለሱ የሩት ሼል ያንን መስመር አንብቦ ይሠራዋል።

መከላከያው፦ የማታምኑትን አካውንት ከሩት ሼል ውስጥ አትክፈቱ፤ አዲስ የተርሚናል መስኮት አውጡና በቀጥታ ወደዚያ አካውንት ግቡ። ግድ ከሆነ በሊኑክስ የ«ሱ» ትዕዛዝ ላይ ትልቁን ፒ (-ፒ) ጨምሩ፤ ለአዲሱ ክፍለ ጊዜ የራሱን ተርሚናል ይፈጥርለታል። ሱዶ ከ1.9.14 ጀምሮ ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል። ከሊኑክስ ከርነል 6.2 ወዲህም መንገዱን ጨርሶ መዝጋት ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ውጡ፣ መውጣታችሁንም አረጋግጡ

ኤግዚት
ሁአምአይ
ሱዶ -ኬ

ኤግዚት (ኢ-ኤክስ-አይ-ቲ) ወይም ኮንትሮልና ዲ አንድ እርከን ወደ ኋላ ይመልሳል። አንድ እርከን ብቻ! ከራሳችሁ ወደ ሀና፣ ከሀና ወደ ሩት ከሄዳችሁ ሁለት ጊዜ መውጣት አለባችሁ። ወደ ራሳችሁ ለመመለስ «ሱ -» ብላችሁ የራሳችሁን ስም አትጻፉ፤ ያ መመለስ ሳይሆን ሌላ እርከን መደረብ ነው፤ ሩቱም ከሥር ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ላይ ሰው ኤግዚት ቢል የሚያገኘው እሱን ነው።

የመጨረሻው ትዕዛዝ፣ በትንሹ ኬ፣ ሱዶ የያዘውን ማስታወሻ ይሽራል። ሱዶ ፓስወርድ አንዴ ከተቀበለ ለተወሰነ ጊዜ ደግሞ አይጠይቅም፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህ 15 ደቂቃ ነው፣ ሌሎች ላይ በአብዛኛው 5። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተርሚናሉ ተነስታችሁ ብትሄዱ የሚቀመጠው ሰው ያለ ፓስወርድ ሩት ነው። በትልቁ ኬ ከጻፋችሁት በሌሎች መስኮቶች ያለውንም ያጠፋል።

ቲሙክስ ወይም ስክሪን (መስኮቱን ብትዘጉም ክፍለ ጊዜውን የሚያቆዩ ፕሮግራሞች) የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ፦ ሩት ሆናችሁ ብትለያዩትም ክፍለ ጊዜው ከበስተጀርባ በሕይወት አለ። ከመለየታችሁ በፊት ኤግዚት በሉ።

ደረጃ 9፦ ለሌላ ሰው ፈቃድ ስትሰጡ

ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው ወደ ግሩፑ በመጨመር ነው፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ ሀና

እዚህ ላይ ኤ ትንሽ፣ ጂ ትልቅ ነው። ትንሿ ኤ ከተረሳች ሀና ወደ ሱዶ ትጨመርና ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖቿ ሁሉ ትወጣለች። ለውጡም የሚታየው ሀና ወጥታ እንደገና ስትገባ ነው።

ሰውየው የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ግን ግሩፑን ተዉትና ያንን ብቻ የሚፈቅድ ደንብ ጻፉለት። ደንቡን በተራ ኤዲተር ከፍታችሁ አታስተካክሉ፤ በቪሱዶ (ቪ-አይ፣ ከዚያ ሱዶ፣ ተጣብቆ) ነው፦

ሱዶ ቪሱዶ -ኤፍ /ኢቲሲ/ሱዶወርስ.ዲ/ሀና

በውስጡም፦

ሀና ኦል=(ሩት) /ዩኤስአር/ቢን/ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤንጂንኤክስ

«ኦል» በትልቅ ፊደል ነው፤ በየትኛውም ማሽን ላይ ማለት ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው በማን ስም እንደሚሠራ ያሳያል። የትዕዛዙ መንገድ ከሥሩ ጀምሮ ሙሉ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሱዶ ደንቡን እንደ ስህተት ቆጥሮ አይቀበለውም።

ቪሱዶ ከማስቀመጡ በፊት አጻጻፉን ይመረምራል። ስህተት ካገኘ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፦ ኢ ብትሉ ለማረም ይመልሳችኋል፣ ትንሹ ኤክስ ሳያስቀምጥ ይወጣል፣ ትልቁ ኪው ግን ከነስህተቱ ያስቀምጠዋል። ትልቁን ኪው በፍጹም አትምረጡ። ይህን ሥራ ስትሠሩ በሁለተኛው መስኮት የሩት ሼል ክፍት ይሁን፤ ደንቡን በአዲስ መስኮት ሞክራችሁ እስክታረጋግጡ አትዝጉት። የፋይሉ ስም ነጥብ እንዳይኖረውም ተጠንቀቁ፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ ስሙ ነጥብ ያለበትን ፋይል ሱዶ ሳያነብ ያልፈዋል፣ ለምን እንዳለፈውም አይነግራችሁም።

በመጨረሻ «ሱዶ -ኤል -ዩ ሀና» ብላችሁ (እዚህ ዩ ትልቅ ነው) ሀና የተፈቀደላትን ዝርዝር እዩ።

ደረጃ 10፦ ሎጉን ተመልከቱ

በዴቢያንና በኡቡንቱ በአብዛኛው /ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ፣ በሬድ ሃትና በፌዶራ /ቫር/ሎግ/ሴኪዩር ነው። ፋይሉ ከሌለ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል» ብላችሁ ከዚያ ውስጥ ፈልጉ። የምትፈልጉት የማታውቁት ስም፣ ማንም በማይሠራበት ሰዓት የተደረገ መሻገርና ተደጋጋሚ የተሳሳተ ፓስወርድ ነው።

ማስጠንቀቂያ

በሌላ ሰው በተከፈተ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሩትን ወይም የራሳችሁን ፓስወርድ አትጻፉ። ባልደረባ «ና እዚህ ላይ ሱዶ አድርግልኝ» ሲል ፈጥኖ መተባበር ደግነት ነው፤ ነገር ግን በእሱ አካውንት ውስጥ «ሱ» ወይም «ሱዶ» የሚለው ቃል ወደ ምን እንደሚያመራ አታውቁም። ፓስወርዱን ተቀብሎ አስቀምጦ «ተሳስተሃል» የሚል የሁለት መስመር ስክሪፕት ሊሆን ይችላል። ባልደረባው ቅን ቢሆንም አካውንቱ ተሰርቆበት ሊሆን ይችላል። ወደ ራሳችሁ ተርሚናል ሄዳችሁ ሥሩለት።

ፓስወርድን በትዕዛዝ መስመር ውስጥ ወይም በስክሪፕት ፋይል ውስጥ አታስገቡ። በታሪክ ፋይሉ ይቀራል፤ ትዕዛዙ እየሠራ ሳለም ሌላ ተጠቃሚ የሂደቶችን ዝርዝር በማየት ሊያነበው ይችላል።

ፓስወርድ አይጠየቅ የሚለውን ደንብ (ኖፓስወርድ) ለኤዲተሮች፣ ለሌስ፣ ለፋይንድና ለፓይተን አትስጡ። ሌስ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ተጭኖ ሼል መክፈት ይቻላል፤ ሎግ እንዲያይ ብቻ የፈቀዳችሁለት ሰው ሙሉ ሩት ይሆናል ማለት ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«በሱዶወርስ ፋይል ውስጥ የለም» የሚል መልእክት። አካውንታችሁ ፈቃድ የለውም፣ ወይም ግሩፑ ውስጥ ተጨምራችሁ ገና ወጥታችሁ አልገባችሁም። ወጥታችሁ ግቡና አይዲን እዩ።

«ኦተንቲኬሽን ፌይለር» በሱ ላይ። የራሳችሁን ፓስወርድ እየጻፋችሁ ይሆናል፤ ሱ የሚፈልገው የዚያኛውን ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ወደ ሩት ለመሻገር ፓስወርዱን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ዊል ግሩፕ ውስጥ መሆንም ያስፈልጋል።

ፓስወርዱ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ታየ። ሱዶ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ትዕዛዙን ጨርሶ ሳለ እናንተ በልማድ ጽፋችሁት፣ ሼሉ እንደ ትዕዛዝ ወስዶታል። አሁን በታሪክ ውስጥ አለ። «ሂስትሪ» ብላችሁ የመስመሩን ቁጥር ፈልጉ፣ «ሂስትሪ -ዲ» ብላችሁ ቁጥሩን አስከትሉና አጥፉት፤ ከዚያ ፓስወርዱን ቀይሩ። መቀየሩን አትተዉት፤ መስመሩ ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

በራሳችሁ ቤት ፎልደር ውስጥ የራሳችሁን ፋይል ማስተካከል አቃታችሁ። አንድ ጊዜ በሱዶ ከፍታችሁት ወይም ፈጥራችሁት ባለቤቱ ሩት ሆኗል። «ኤልኤስ -ኤል» ብላችሁ ባለቤቱን እዩ፤ ከዚያ «ሱዶ ቾውን» (ሲ-ኤች-ኦ-ደብሊው-ኤን) ብላችሁ ስማችሁንና የፋይሉን ስም አስከትሉ። ለሙሉ ፎልደር በትልቁ አር ስታደርጉት የፎልደሩን ስም ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በስህተት የሲስተሙን ሥር ፎልደር ከያዘ ሱዶ ራሱ መሥራት ያቆማል።

የሱዶ ደንብ ተበላሽቶ ሱዶ ጨርሶ እንቢ አለ። ክፍት የተዋችሁት የሩት መስኮት ካለ በእሱ ቪሱዶን ከፍታችሁ አስተካክሉ። ከሌለ «ፒኬኤግዜክ ቪሱዶ» ሞክሩ፤ በግራፊክ ዴስክቶፕ ላይ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ በሌላ መንገድ ይጠይቃል። ያም ካልሆነ የሩት ፓስወርድ ካለ «ሱ -» ብላችሁ ግቡ፤ ከሌለ ማሽኑን በጥገና ሁነታ አስነስታችሁ የተበላሸውን ፋይል ከፎልደሩ አውጡት።